ህንድ ያልሄዱት ኦቦ ለሜሳ

ኦቦ ለሜሳ ማረፋቸውን የሰማሁት ገበያ ላይ፣ ጥቁር አዝሙድ እየሰፈርኩ ነው። ወንድሜ ሰይድ ባጃጁን ከመደቤ ፊት አቁሞ፣ ሳይወርድ፣ «የህንዱ መምህር አረፉ፤ ጧት ነው አሉ» አለኝ። ጣሳውን በግማሹ እንደያዝኩ ቀረሁ። ገዢዋ፣ «ሙዪልኝ እንጂ እህቴ» አለችኝ። ሞላሁላት። ከዚያ በኋላ ለማን ምን እንደሸጥኩ አላስታውስም።

ብናገረው ያሳፍራል እንጂ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐዘን አልነበረም። መጀመሪያ ያልኩት፣ «አሁን እኔን ማን ያዘጋጀኛል?» ነው። ልጄ ሀያት ለሁለተኛ ጊዜ የልብ ቀዶ ሕክምና ልታደርግ ህንድ አገር መሄድ አለባት። ከአዲስ አበባ ከደወሉልኝ ሦስት ሳምንት አልፎ ነበር። «እሺ በሉን፤ ከቆያችሁ ቦታው ለሌላ ልጅ ይሰጣል» ብለውኛል። እኔ ግን ኦቦ ለሜሳ ሲሻላቸው ተዘጋጅቼ እመልሳለሁ እያልኩ ቀኑን እገፋ ነበር።

ነቀምቴ ውስጥ እሳቸውን በስማቸው የሚጠራ ጥቂት ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ጂኦግራፊ ስላስተማሩ ግማሹ ከተማ ተማሪያቸው ነበር፤ ተማሪው ሁሉ ደግሞ «የህንዱ መምህር» ነው የሚላቸው። ለማያውቃቸው ሰው ስለ እሳቸው ሳወራ፣ «ህንዳዊ ናቸው እንዴ?» ይለኛል። አይደሉም፤ የጊምቢ ሰው ናቸው። ህንድን በዓይናቸው አላዩም። ከአዲስ አበባ ወዲያ የሄዱበት አገርም የለም።

ስሙ የወጣላቸው ከአንድ መጽሐፍ የተነሳ ነው። ወጣት ሳሉ አብሯቸው ፊዚክስ ያስተምር የነበረ ህንዳዊ ነበር። ውሉ አልቆ ወደ አገሩ ሲመለስ አንድ ወፍራም የመንገደኛ መምሪያ ትቶላቸው ሄደ። ፈረንጅ ህንድን ሊያይ ሲሄድ በቦርሳው የሚይዘው ዓይነት ነው፤ የት እንደሚታደር፣ ምን እንደሚበላ፣ በምን እንደሚሳፈር የሚናገር። ከዚያ ወዲህ ከዚህ ከተማ ወደ ህንድ የሚሄድ ተማሪም፣ ነጋዴም፣ ታማሚም በኦቦ ለሜሳ ቤት ሳያልፍ አይሄድም።

እኔ የደረስኩት በልጄ ነው። ሀያት ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመለስ መንገድ ላይ ቁጭ ትላለች፤ ከንፈሯ ይጠቁራል። እዚህ ያያት ሐኪም ወደ አዲስ አበባ ላካት፤ እዚያ የልቧ በር ተበላሽቷል አሉ። ስሟ ተመዘገበ፤ ከብዙ ወራት በኋላ ከሌሎች ሦስት ልጆች ጋር በነጻ ህንድ ትሄዳለች፣ እናት አብራ ትሂድ ተባለ።

እናቷ እኔ ነኝ። ከአራተኛ ክፍል ነው የቀረሁት። አባትና እናቴ በድርቁ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ናቸው፤ እኔ የተወለድኩት እዚሁ ወለጋ ነው። አማርኛዬ የእናቴ ነው፣ ኦሮምኛዬ የገበያ ነው፣ እንግሊዝኛዬ ፊደሉ ብቻ ነው። ቤቴን ቆልፌ ከመንገድ ሦስት ጊዜ ተመልሼ ቁልፉን የምነካ ሴት ነኝ። እንዲህ ያለችን ሴት ባሕር ተሻግራ የልጇን ልብ አስከፍታ እንድትመጣ ነው የላኳት።

ሰይድ በባጃጁ ወደ ሰፈራቸው፣ ወደ በከኒሳ ቀሴ፣ ይዞን ሄደ። የኦቦ ለሜሳ ባለቤት፣ አዴ ጫልቱ፣ በሩን ከፈቱልን። «አከም ጅርቱ» ተባባልን። ኦቦ ለሜሳ ረጅም፣ አንገታቸው ወደ ፊት ያዘመመ ሰው ናቸው። እኔን ሰላም ካሉኝ በኋላ ጎንበስ ብለው ሀያትን፣ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ከፍራፍሬ ምን ትወጃለሽ?» አሏት።

«ብርቱካን።»

ሄደው እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ። በፎጣ አደረቁ። ከዚያ መጽሐፉን ከሣጥን አወጡት፤ በማዳበሪያ ጆንያ ላስቲክ ተጠቅልሏል፣ ጀርባው በጫማ ሰፊ ክር ተሰፍቷል። ገለጥ ገለጥ አድርገው ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አኖሩና፣ «ብርቱካን አለ» አሏት። ሀያት ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጉዞውን ወደደችው።

ሰይድ ዝም ማለት አይችልም። «ኦቦ፣ አይቆጡኝና ይሄ መጽሐፍ እኔን በዕድሜ ይበልጠኛል» አለ። «ዛሬ መንገዱም ሆቴሉም ሁሉም ስልክ ላይ አለ። ይሄን ሁሉ ገጽ ማገላበጥ ለምን?»

«ጥሩ ነው» አሉ ኦቦ ለሜሳ። «አሳየኝ እስቲ።»

ሰይድ ስልኩን አወጣ። አየው፤ ወደ መስኮቱ ሄዶ አየው፤ ወደ በረንዳ ወጥቶ ወደ ላይ ዘርግቶ አየው። ያን ሰሞን ኔትወርክ ይሄድና ይመጣ ነበር።

«ምን አለህ?» አሉት።

«እየፈለገ ነው።»

«እስኪያገኝ እኛ ቦምቤይ እንደርሳለን» አሉ፤ አዴ ጫልቱ ከጓዳ ሆነው ሲስቁ ተሰማን። ግን ሰይድ ሲመለስ አላፌዙበትም። «ኔትወርክ ካለ ያንተ ይሻላል፤ የትናንቱን ይነግራታል። ስልኩን አስይዛት። እኔ መጽሐፍ አላመልክም» አሉት።

እኔ የሀያትን ደብተር ይዤ ነበር፤ ያነበቡልኝን ሁሉ መጻፍ ጀመርኩ። ውሃ ሳይፈላ እንዳይጠጣ። ምግብ በቀኝ እጅ። እባብ ስላለባቸው ቦታዎች። ስለ ዝሆን በዓል። ስለ ባቡር ሌቦች። አንድ ገጽ ሞላሁ፣ ሁለት ሞላሁ። ኦቦ ለሜሳ መጽሐፉን ጣታቸውን በመሐል እንዳስገቡ ዘጉት። ይህ ልማዳቸው ነው፤ ሊናገሩ ሲሉ መጽሐፉን በጣታቸው ላይ ይዘጋሉ።

«ሃዳ ሀያት፣ የሀያት እናት፣ ይሄን የጻፈው ማን ይመስልሻል?»

«የተማረ ሰው።»

«አዎ። ወንድ ነው። ልጅ አላዘለም። ሆዱ ጠግቧል፣ አልታመመም፣ የቆየ ሕንጻ ሊያይ ነው የሄደው። ዝሆኑን ለእሱ ተይለት። መጽሐፍ የሚያውቀው የጻፈውን ሰው መንገድ ነው። እኛ የምንፈልገው ካንቺ ጋር የሚገጥመውን ብቻ ነው፤ ሌላውን ሰርዢው።»

እባቡን መሰረዝ አቃተኝ። «እባቡን ሳልሰርዝ ልተወው?» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና፣ «እባቡን ተይው፤ ከሰረዝሽው እንቅልፍ አይወስድሽም» አሉ።

ከዚያ በኋላ በሳምንት ሦስት ቀን እሄድ ነበር። አንድ ቀን የምንሄድበት ከተማ ቼናይ መሆኑን ከአዲስ አበባ ነገሩኝ። ደብተሬ ላይ ብፈልገው የለም። መጽሐፉ ላይ ያለችው ማድራስ ናት። ልጄን ወደሌላ ከተማ ሊወስዷት ነው ብዬ ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም። ስነግራቸው ሳቁ። «ነቀምቴስ ለቀምት ትባል አልነበር? ስም ቢለወጥ ባሕሩ ከቦታው አይነሳም» አሉኝ። የማድራስን ካርታ ገልጠው አሳዩኝ፤ ገጹን ሙሉ የያዘ፣ ባሕሩ በግራጫ የተቀለመ፣ ሆስፒታል ባለበት የመስቀል ምልክት ያለው። ያን ገጽ አየሁትና ልቤ አረፈ። ሁሉ ነገር እዚያ ላይ አለ፤ መንገዱ፣ ባቡሩ፣ መስቀሉ። «ይሄን ላውሰው» አልኳቸው።

«መጽሐፉ ከዚህ ቤት አይወጣም» አሉኝ። ለማንም አውሰው አያውቁም። «እዚህ ነው የሚነበበው። እዚያ ስትደርሺ የሚነበበው የሰው ፊት ነው።»

ንግግራቸው ብቻ አልነበረም፤ ያለማምዱናል። ወንበር ደርድረው ሳሎኑን አየር ማረፊያ ያደርጉታል። አዴ ጫልቱ የፓስፖርት ሹም ይሆናሉ፤ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አጣጥፈው፣ ፊታቸውን ቋጥረው፣ የእኔን ፓስፖርት ገልብጠው ይዘው ያያሉ። ኦቦ ለሜሳ ከኋላ ሆነው በእንግሊዝኛ ይጠይቃሉ፣ እኔ የሐኪሙን ወረቀት እሰጣለሁ። አንድ ጊዜ ፈርቼ ወረቀቱን ቁልቁል ሰጠኋቸው። አዴ ጫልቱ ሳይስቁ፣ «ይቺ ሴት ወደ ነቀምቴ ትመለስ» ብለው ፈረዱብኝ። ሀያት ከወንበሩ እስክትወድቅ ሳቀች።

ትልቁ ልምምድ ግን የዝምታው ቀን ነው። አንድ ቅዳሜ ጧት ጠርተው፣ «እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ አማርኛም ኦሮምኛም ተከልክለሻል፤ ሀያትም እንደዚሁ» አሉን። ከቡርቃ ጃቶ ሰፈር ባጃጅ ተሳፍረን ሆስፒታል መድረስ፣ የራጅ ክፍሉን መፈለግ፣ ከዚያ ገበያ ሄደን የፈላ ውሃ ለምነን ማግኘት አለብን። ያለ አንዲት ቃል። እሳቸው ከሩቅ ይከተሉናል።

እኔ በዚህ ከተማ የታወቅኩ ሰው ነኝ። ባጃጁ ውስጥ በእጄ ሳሳይ ሾፌሩ፣ «ዘይነባ፣ ጥርስሽን ነው?» አለኝ። ሆስፒታል በር ላይ ሁለት ሰዎች ገፍተውኝ አለፉ። ገበያ ስደርስ አጠገቤ ሽንኩርት የምትሸጠው ሴት፣ «ማል ታቴ? ምን ሆንሽ?» እያለች አገጬን ያዘችኝ። መናገር እንዳቃተኝ ስታይ የልጄ ሐሳብ ምላሴን ዘጋው ብላ ወሬውን ለጎረቤቶቿ ዘረጋችው። አንዲት ሌላ ሴት እጇን ራሴ ላይ ጭና መጸለይ ጀመረች። ሀያት ጉሮሮዋን በጣቷ ነካ አድርጋ፣ ከዚያ በመዳፏ ጽዋ ሠርታ ወደ አፏ አስጠጋች። ልጅ ያዘለች አንዲት የገጠር ሴት ይህን አየችና ማንም ሳይነግራት ከፔርሙዝ ሙቅ ውሃ ቀዳችላት።

ስንመለስ ኦቦ ለሜሳ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው። «ማን ቆመልሽ?»

«ልጅ ያዘለች ሴት።»

«ጻፊው። እሱ መጽሐፌ ላይ የለም።»

ጻፍኩት። ግን እውነቱን ልናገር፤ አላመንኩትም። ነቀምቴ ሌላ ነው፣ እዚህ ሰዉ ሰው ነው፣ ህንድ ያለችው ሴት ለምን ትቆምልኛለች አልኩ። እኔ የምፈልገው ያን ገጽ ነበር።

ልንሄድ አንድ ቀን ሲቀረን ልሰናበት ሄድኩ። አዴ ጫልቱ ጓዳ ነበሩ። ኦቦ ለሜሳን አንድ ሰው በር ላይ ጠራቸውና ወጡ። መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ ተገልጦ ነበር። የቅመም ጆንያ የምከፍትበት ምላጭ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ገጹን ከሥሩ ቆረጥኩት፤ አጥፌ ደረቴ ውስጥ ከተትኩት። በሕይወቴ ከሰው ቤት የወሰድኩት ነገር እሱ ብቻ ነው። ኦቦ ለሜሳ ተመልሰው እስከ ውጭ በር ሸኙኝ፤ ትከሻዬን ይዘው፣ «ህን ሶዳቲን፣ አትፍሪ» አሉኝ። ወረቀቱ ደረቴ ላይ ሲንኮሻኮሽ የሚሰማቸው መሰለኝ።

ቼናይ ከገባን በኋላ ብዙው ነገር በሰላም ነው ያለፈው። አራት እናቶች ነበርን፤ አንዲት ነርስ ከአዲስ አበባ አብራን ሄዳለች። ማረፊያችን ከሆስፒታሉ በእግር አሥር ደቂቃ ነው፤ ሁልጊዜ አብረን እንሄዳለን፣ አብረን እንመለሳለን። ሀያት ቀዶ ሕክምናውን ያደረገች ዕለት በመስታወት አየኋት፤ ተኝታለች። ነርሷ፣ «ነገ በቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያነቋታል፤ እስከዚያ ሄደሽ ታጠቢ፣ እረፊ» አለችኝ። ሀያት ከመግባቷ በፊት አንድ ነገር ብቻ ነበር ያስማለችኝ። «ዓይኔን ስገልጥ አንቺን ልይ» አለችኝ። «ወላሂ» አልኳት።

በማግሥቱ ታጥቤ፣ የምትወደውን ሻርፕ ይዤ ሰባት ሰዓት ላይ ብቻዬን ወጣሁ። ሌሎቹ እናቶች ቀድመው ሄደዋል። የለመድነው መንገድ በቁፋሮ ተዘግቷል፤ ዘበኛው በእጁ ወደ ሌላ አቅጣጫ አሳየኝ። ሁለት ጊዜ ታጠፍኩ፤ ጠፋኝ። የሰይድ ስልክ ያለ ማረፊያው ኢንተርኔት አይሠራም። መጀመሪያ ያደረግኩት ገጹን ከደረቴ ማውጣት ነው።

ባሕሩን አገኘሁ፤ ባቡሩን አገኘሁ። የመስቀሉን ምልክት አገኘሁ። ፊደሉን እየቆጠርኩ፣ የመንገዱን ስም ከሰሌዳው ጋር እያመሳከርኩ ሄድኩ። የሚገጥም ስም ሲገኝ ልቤ ደስ ይለዋል፤ የማይገጥም ሲሆን ስሙን ቀይረውት ነው እላለሁ። በሴቶች መሐል አልፌአለሁ፤ ልጅ የያዙ ብዙ ሴቶች ነበሩ፤ አንዷንም ቀና ብዬ አላየሁም። ዓይኔ ወረቀቱ ላይ ነው። ከአንድ ሰዓት በላይ በዚያ ፀሐይ ሄጄ መስቀሉ ጋ ደረስኩ። ሆስፒታል አልነበረም። ወርቅና ሐር የሚሸጥበት ባለ ብዙ ፎቅ ሱቅ ነው። አርባ ዓመት ሆስፒታል በአንድ ቦታ ይጠብቀኛል ብዬ ነው የሄድኩት።

ሰዓቱ ዘጠኝ ሊሆን ነው። ሱቁ በር ላይ ያለው ደረጃ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሰው ያየኛል፣ ያልፋል። ከዚያ ገጹን አጥፌ መለስኩና ቀና አልኩ። ሕፃን በወገቧ የያዘች ሴት ከሱቁ እየወጣች ነበር። ተነሥቼ የሀያትን የሆስፒታል ካርድ አሳየኋት፤ በጣቴ ደረቴ ላይ ከላይ ወደ ታች መስመር አሰመርኩ፤ እጄን ከወለል እስከ ሀያት ቁመት አነሳሁ። ሴትዮዋ ካርዱን አላነበበችም። የደረቴን መስመር ነው ያየችው። የእጄን አንጓ ያዘች፣ ቢጫ ባጃጅ አስቆመች፣ ልጇን ጭኔ ላይ አስቀምጣ አብራኝ ሄደች።

አሥር ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ደረስኩ። ሀያት ነቅታለች። ዓይኗ በሩ ላይ ነው። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ድምፅዋ ገና አልወጣም፤ በሹክሹክታ፣ «ውሃ ጠየቅኳቸው» አለችኝ፤ «በእጄ»። ህንዳዊቷ ነርስ ጉሮሮዋን ነካ አድርጋ በመዳፏ ጽዋ ሠርታ አሳየችኝ፤ ልጄ እንዴት እንዳደረገች እያስረዳችኝ ነው። እኔ በሌለሁበት ልጄን ያጠጣት የነቀምቴው ቅዳሜ ነው።

ከተመለስን በኋላ ሁለት ሳምንት ኦቦ ለሜሳ ቤት ሳልሄድ ቀረሁ። ሰይድ፣ «በየመንገዱ እያስቆሙኝ ይጠይቁኛል፤ ምን አደረጉሽ?» አለኝ። ሄድኩ። አንድ ብርቱካን ከፌስታል አውጥታ ሀያት ሰጠቻቸው፤ ከህንድ ነው የመጣው አለቻቸው፤ ከገበያ የገዛነው ነው። አሸተቱትና፣ «የህንድ ነው» አሉ። ልጅቷን ልከው ከአዴ ጫልቱ ጋር ጓዳ አስገቧት። ገጹን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

«ኦቦ፣ እኔ ነኝ የቆረጥኩት።»

«የዚያኑ ዕለት አይቻለሁ» አሉኝ። መጽሐፉን አላነሱም። «አደረሰሽ?»

መዋሸት እችል ነበር። አልዋሸሁም። ሱቁን፣ ደረጃውን፣ ልጄ ብቻዋን መንቃቷን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስጨርስ ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። አንገታቸው የበለጠ ወደ ፊት አዘመመ። ገጹን በጣታቸው ዳበስ ዳበስ አድርገው አዩት።

«መጽሐፉን የተወልኝ ጓደኛዬ ሦስት ጊዜ ጽፎልኝ ነበር» አሉ። «ና፣ ጣቢያው ላይ ቆሜ እጠብቅሃለሁ ብሎ። ከአገር መውጣት ሲፈቀድ ፓስፖርት አወጣሁ። መጀመሪያ መጽሐፉን ልጨርስ አልኩ። ጨረስኩ። የባቡሩን ሰዓት በቃሌ ልያዝ አልኩ፤ ያዝኩ። ከዚያ ክረምቱ ይለፍ አልኩ። እሱ ሞተ።»

አዴ ጫልቱ ከጓዳ ወጥተው በሩ ላይ ቆመዋል። «ዕድሜ ልኩን ሲዘጋጅ ኖረ፤ እኔ የሻንጣውን አቧራ ስጠርግለት» አሉ። ኦቦ ለሜሳ ፈገግ አሉ፤ ግን ዓይናቸው አልሳቀም።

«መጽሐፉ አይወጣም ያልኩሽ ጥበብ እንዳይመስልሽ» አሉኝ። «ከወጣ ማርጀቱ ይታወቃል። እዚህ ቤት እስካለ ድረስ ግን ያች ከተማ እንዳለች አለች። ያን ፈርቼ ነው። አንቺ እየፈራሽ ሄድሽ፤ እኔ ተዘጋጅቼ ቀረሁ።»

እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ እሳቸው ፍርሃት የሚባል ነገር የሚያውቁ አይመስለኝም ነበር። «አብሽር ኦቦ» አልኳቸው፤ እናቴ ስንፈራ ለኛ የምትለውን። ወዲያው አፈርኩ፤ ትልቅ ሰው አይደሉ። እሳቸው ግን እንደ ልጅ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከዚያ ወዲህ ለወራት እየሄድኩ መጽሐፉን አብረን አረምን። እሳቸው ያነባሉ፣ እኔ «የለም» ወይም «አለ» እላለሁ፣ እሳቸው በእርሳስ ይጽፋሉ። ከእኔ በኋላ ሄደው የመጡ ሁለት ተማሪዎችም ተጨመሩ። ሆስፒታሉን ሰርዘን ሱቁን ጻፍን። ስሕተት በተገኘ ቁጥር ፊታቸው አንድ ጊዜ ይከፋል፣ ከዚያ «ሌላስ?» ይላሉ። ሰው ሊጠይቃቸው ሲመጣም አነጋገራቸው ተለወጠ። «አንብብ፣ ጻፍ፣ ቀኑን ግን መጀመሪያ ቁረጥ። ቲኬት ሳትይዝ መጽሐፍ አልገልጥልህም» ይሉ ነበር።

ዘንድሮ ታመሙ። የሀያትም የልብ በር እያደገች ስትሄድ ጠበባት ተባለ፤ ሌላ ይገባላታል። ኦቦ ለሜሳን ከማረፋቸው አሥር ቀን በፊት ነው ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው። ድምፃቸው ደክሟል። «ቀን ቆረጡላችሁ?» አሉኝ።

«እርስዎ ሲሻልዎት እንዘጋጅና እነግራቸዋለሁ» አልኳቸው።

አዩኝ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ደክሟቸው ነው ብዬ ወጣሁ፤ አዴ ጫልቱንም «ተኝተዋል» አልኳቸው።

ከቀብሩ ማግሥት ከሀያት ጋር ለቅሶ ቤት ሄድን። የዕድሩ ድንኳን ሞልቶ ነበር፤ ከተማው ሁሉ ተማሪያቸው ነው። አዴ ጫልቱ እጄን ያዙኝ። ሀያት አጠገቤ ተቀምጣለች። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ መልኳ የወጣ ቆንጆ ልጅ ናት። ከባጃጅ ወርደን እስከ ድንኳኑ የሄድነው ሃምሳ እርምጃ አይሆንም፤ ትንፋሿ ግን ተቀምጣም አልመለስ ብሏል። ሰው እንዳያይባት አፏን በሻርፕ ሸፍናለች። ቀስ ብዬ ከንፈሯን አየሁት። የጠቆረው ወደ አፍንጫዋ ሥር ደርሷል።

ተነሥቼ ከድንኳኑ ኋላ ወጣሁ። ኔትወርክ ነበር። ከአዲስ አበባ የደወለችልኝ ልጅ አነሳች፤ ማን መሆኔን ስነግራት፣ «እማማ ዘይነባ፣ ስጠብቅሽ ነበር። ተዘጋጃችሁ?» አለችኝ።

«አልተዘጋጀንም» አልኳት። «ግን እንሄዳለን። ቦታውን ያዢልን።»

«ምን ጎደላችሁ?»

ብዙ ነገር ጎድሎኝ ነበር። አንዱንም አልነገርኳትም። «ስሟን ጻፊ» አልኳት፤ «ሀያት ሁሴን። አሥራ ሁለት ዓመት።» ስትጽፍ በስልኩ ውስጥ ይሰማኛል።